ፋይና ያየቻት መስመር

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ ደረጃው ላይ አገኙኝና፣ «እሰይ ተገላገልሽ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ወለል ስትወለውዪ ወገብሽ አለቀ» አሉኝ።

«ወለል አይደለም እትዬ።»

«ታዲያ ምን ነበር ስታጥቢ የኖርሽው?»

«ፕሮቲን።»

ዘንቢላቸውን ከእጃቸው አወረዱና ትንሽ አሰቡ። «እሱን ደግሞ ምን ያቆሽሸዋል?» አሉኝ።

እኒህ ሴት ፊደል አልቆጠሩም። ጥያቄያቸው ግን እኛ መሥሪያ ቤት ስንት የተማረ ሰው የተከራከረበት ጥያቄ ነው፤ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚመለስ አይደለም። የልጄ ልጅ ሺራ ወታደር ናት፤ ለሰንበት ስትመጣ ነገርኳት። «ሳቭታ፣ ዲ፣ ለእያንዳንዱ ጎረቤት ከምታስረጂ ጻፊው» አለችኝ። ሳቭታ አያቴ ማለቷ ነው፤ ዲ ደግሞ በቃ ማለት ነው። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ራሷን ልታሞግስ ነው ያለ ካለ ይታገሰኝ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ትልቁ ነገር ያጠፋሁት ጥፋት ነው፤ እሱን ዘልዬ ሌላውን ባወራ ወሬ ብቻ ይሆናል።

የሠራሁበት ማዕባዳ፣ ማለት ቤተ ሙከራው፣ እዚሁ ሐደራ ሰሜን በኩል ባለው የፋብሪካ ሰፈር ነው። ከታች የመኪና ጎማ የሚቀይሩ ሰዎች፣ ከላይ እኛ። ስሙን አልጠራም፤ ትንሽ ቤት ናት። አለቃችን ፕሮፌሰር ዑዚ ይባላል፤ ክረምት ከበጋ በነጠላ ጫማ የሚሄድ፣ ሐሳብ ሲይዘው ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው። ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ባክቴሪያ ራሷን ለሁለት ስትከፍል በምን ትይዛለች? በምንስ ትቆርጣለች?

መጀመሪያ ይህን ስሰማ፣ ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል ወይ ብዬ ነበር፣ በሆዴ። ኋላ ነው የገባኝ። ያቺ በአንጀታችን የምትኖር ፍጥረት፣ ሺህ እህቶቿ በተርታ ቢሰለፉ ርዝመታቸው ከሁለት የጤፍ ፍሬ አያልፍም። እንዲህ ሆና ሲመቻት በሃያ ደቂቃ ሁለት ትሆናለች። መሐሏን ያለ ሜትር ታገኘዋለች። ከውስጥ ቀለበት ሠርታ ወገቧን ታጠብቃለች፤ እየቆረጠች አዲስ ግድግዳ ትሠራለች፤ ሆዷ ውስጥ ካለው አንድ ጠብታ አይፈስም። ፋይና፣ ሥራ ያስተማረችኝ ሴት፣ አንድ ቀን ውኃ የሞላ ፌስታል አስይዛኝ፣ «ውኃው ሳይንጠባጠብ ከመሐል ቆርጠሽ ሁለት ፌስታል አድርጊልኝ» አለችኝ። ሳቅሁ። «እሷ በዚህ ደቂቃ ሆድሽ ውስጥ እያደረገችው ነው» አለችኝ። ሳቄን አቆምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህች ፍጥረት ሳስብ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝ።

ይህን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነሱ መሐል ከባዶቹ ገላዋን በሸፈነው ስስ የስብ ሽፋን ውስጥ እግራቸውን ተክለው የቆሙት ናቸው። ቅርጻቸው ከታወቀ ሥራቸው ይታወቃል፤ ሥራቸው ከታወቀ ደግሞ በሽታ የምታመጣዋን እንዳትራባ የሚያደርግ መድኃኒት ይፈለጋል። ከስብ ውስጥ ነቅሎ ሳይሞቱ ማውጣቱ ግን ሌላ ሥራ ነው። እንጀራዬ እሱ ነበር።

እኔ የተወለድኩት ጎንደር ዙሪያ ካሉ አይሁዶች ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሩን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ከገበያ ስንመለስ ወንዝ ወርደን ገላችንን ሳንነክር የቤታችንን ደጃፍ አንረግጥም። እናቴ ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች። ዕቃ ስታጥብ ቆጥራ አሥር ጊዜ ነው። የእኛ ቄሶች አሥር አላሉም፤ የራሷ ቁጥር ነበር። ዘጠኝ ላይ ሰው ቢያናግራት ከአንድ ትጀምራለች። እኔም ከእሷ ወረስኩት፤ ማን ያውጣኝ?

እዚህ አገር ስንመጣ እንደ ሰው ሁሉ ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ ተማርኩ፤ ብርቱካን ማሸጊያ ሠራሁ፤ የሠርግ አዳራሽ ሳህን አጠብኩ። ባለቤቴ ወረቀት ፋብሪካ ገባ፤ ኦልጋ ሰፈር ይህችን ቤት አገኘን። ኋላ አንዲት የቅጥር ቢሮ ሴት የማዕባዳ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው ይፈለጋል አለችኝ። ደመወዙ ያው የምታውቁት ነው፤ የሁለት አውቶቡሱን ሒሳብ ግን ይከፍላሉ፤ ገባሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ቀጭን ሴት የወንድ የሱፍ ካፖርት ለብሳ፣ አንድ ብርጭቆ ከፍ አድርጋ ይዛ ብቅ አለች። ፋይና ነበረች። ከሩሲያ የመጣች፣ እዚያ ኬሚስት የነበረች፣ እዚህ መጥታ መጀመሪያ የሰው ቤት ያጸዳች፣ ከኔ አሥራ አንድ ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። በአማርኛ ቢሆን እርስዎ ነበር የምላት፤ ግን ዕብራይስጡም እርስዎ አያውቅም፣ እሷም እኩያዋ አድርጋ ይዛኛለችና አንቺ እያልኩ ኖሬያለሁ።

«ይህን ያጠበው ማነው?» አለች።

አበቃልኝ አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ውኃ አፈሰሰችበት። ውኃው አንድ ወጥ ሆኖ ብርጭቆውን ሸፍኖ ወረደ፤ የትም ቦታ ተቆራርጦ ጠብታ አልሠራም። «ተመልከቺ፤ ቅባት ያለበት ብርጭቆ ላይ ውኃ ይሰበሰባል። በዚህ ቤት አሥራ አራት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ብርጭቆ አላየሁም» አለችኝና ክንዴን ይዛ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ወሰደችኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ማጠቢያው ጋ የተመለስኩት ለራሴ ዕቃ ብቻ ነው። የቴክኒሽያን ወረቀቱን ከሥራ መልስ እየተማርኩ በስንት መከራ አገኘሁት፤ እውነተኛው ትምህርት ቤት ግን ያ ክፍል ነበር።

ክፍሉ እንደ ፍሪጅ ነው፤ ፕሮቲን ሙቀት አይወድም። ፋይና ካፖርቱን ለብሳ፣ ሁለት ካልሲ ደርባ ገብታ፣ ከሥራው ቃል በቀር ቃል አትናገርም። የምትሠራውን ሁሉ ከመሥራቷ በፊት በእርሳስ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ከሠራችው በኋላ በጎኑ ጭረት ታደርግበታለች። ያልተሠራ ነገር ጭረት የለውም፤ ያልተጻፈ ነገር አይሠራም። ሴንትሪፉጁ፣ ያ በኃይል እየተሽከረከረ ስቡን ከውኃው የሚለይ መኪና፣ ሲነሳ መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ ቀን ገና ሳይፈጥን አጠፋችው። እኩል መመዘን ያለባቸውን ሁለቱን ብልቃጥ ብንመዝናቸው የማንኪያ ጫፍ የማይሞላ ውኃ ነው ልዩነታቸው። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር።

ሌላው አረፋ ነው። «አረፋ ካየሽ ሬሳ አየሽ» ትላለች፤ ፕሮቲን አየር ሲነካው ይገለበጣል፤ ከተገለበጠ አይመለስም። ማር የሚመስለውን የስብ ዝቃጭ በመስታወት ዘነዘና ስትፈጭ እጇ የሚንቀሳቀስ አይመስልም፤ አንዲት አረፋ አትወጣም። ከዚያ ከስኳር የሚሠራ ለስላሳ ሳሙና ትጨምርበታለች፤ ሳሙናው ስቡን እየላጠ ራሱ ፕሮቲኑን ያቅፈዋል። ቀጥሎ ሰማያዊ ቅንጣት በሞላባት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይፈስሳል። የምንፈልገው ፕሮቲን ቅንጣቶቹን የሚጨብጥ ጅራት ስላለው ይቀራል፤ ሌላው በማጠቢያው ይወርዳል። ማጠቢያውም ራሱ ሳሙና አለው። ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ከዚያ የተያዘው ፕሮቲን በሌላ ፈሳሽ ተለቅቆ ይወርዳል። እያንዳንዱ እጣቢ በየብልቃጡ ቁጥር ተጽፎበት ይቀመጣል፤ ውጤቱ ሳይታይ ፋይና ዘንድ አንድ ጠብታ እጣቢ አይደፋም። «የደፋሽውን መጠየቅ አትችይም» ትላለች።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልምጣ።

ዑዚ የያዛቸው ፕሮቲኖች ሁለት ነበሩ። አንዱ ትልቅ ነው፤ ጅራት ያለው እሱ ነው። ሌላው ቀጭን ሆኖ እሱን ተጠግቶ ይወጣል። ለመቁረጥ ጊዜው ደረሰ የሚለው ወሬ በእነዚህ በኩል እንደሚተላለፍ ይታሰባል። በመጨረሻ ጄል በሚባለው ስስ ዝልግልግ ንጣፍ ላይ በቀለም ሲታዩ እያንዳንዱ እንደ ክብደቱ አንድ ሰማያዊ መስመር ይሆናል። ትልቁ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች። ፋይና ግን ከታችኛው አጠገብ አንዲት ሦስተኛ መስመር አየች፤ የሳሳች፣ ዓይን የምትፈታተን። «ሦስት ናቸው» አለች። «ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ምን ሠርተው? ቀጭኑ ብቻውን አይቆምም።»

ዑዚ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ቆሻሻ ነው» አለ። ከባክቴሪያዋ ሆድ ተጣብቆ የመጣ ሌላ ነገር ነው ማለቱ ነበር። ፋይና ትከሻዋን ይዟት ስለነበር ሥራው ወደ እኔ ዞሯል። ዑዚ በሁሉም ፊት፣ «ትርንጎ ትሥራው። ፋይና እንደጻፈችው፣ ሦስት ጊዜ ታጥቦ። ከትርንጎ እጅ የሚያመልጥ ቆሻሻ የለም፤ ሦስተኛው ከታየ እውነት ነው፤ ካልታየ እንዘጋዋለን» አለ።

እንዲህ ተብሎ የታመነ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ የማውቀውን አደረግሁ። ሦስት ጊዜ አጠብኩ፤ ሦስቱን እጣቢ አስቀመጥኩ፤ ጭረቴን አደረግሁ። ከዚያ ቱቦዋን አየኋት። ሦስት ጊዜ ብቻ ታጥቦ ለሰው የሚሰጥ ነገር በእናቴ ቤት አልነበረም። እጄ ራሱ ሄደ፤ አራት፣ አምስት፣ እያልኩ እስከ አሥር። እነዚያን ሰባቱን ደብተር ላይ አልጻፍኳቸውም፤ እጣቢያቸውንም ደፋሁት። ለኔ ሥራው ሦስቱ ነበር፤ ሰባቱ ጨዋነት ነው። ሥጋ አጥባችሁ ስትጨርሱ ውኃ ታሳልፉበት የለ? ያንን ማን ይጽፋል?

መስመሯ አልታየችም። ሁለት ብቻ፣ ጥርት ያሉ፣ ለመጽሐፍ የሚሆኑ። ደግሜ ሠራሁ፤ አልታየችም። ስድስት ጊዜ ሠራሁ፤ የለችም።

ፋይና አንድ ቀን አጠገቤ ቆመችና፣ «ትርንጎ፣ ስንት ጊዜ ነው ያጠብሽው?» አለችኝ።

«ሦስት፣ እንደጻፍሽው።»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ያን ጊዜ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ስትጠይቀኝ ሰባቱ ትዝ ብለውኝ ነበር። ከደብተሩ ወጥቼ መሥራቴን ብናገር፣ ዕቃ አጣቢ ነሽና ወደ ዕቃሽ ተመለሺ የሚሉኝ መሰለኝ። ዋሸሁ።

ዑዚ ነገሩን ዘጋው። ፋይና አልተከራከረችም። በዓመቱ መጨረሻ ጡረታዋ ደረሰና ኬክ ተቆረሰ፤ ንግግር አድርጊ ሲሏት አጭር ነገር ተናገረች። «ቴክኒሽያን ማየት የምትፈልገውን ማየት ከጀመረች ቤቷ መግባት አለባት። እኔ ጀምሬያለሁ» አለች። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ሳህኔን ይዤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ናሕሊኤል ሰፈር የሚገኘው ቤቷ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማዕባዳው አልመጣችም። በበዓል ስደውልላት ስለ ጤናዋና ስለ በረንዳዋ ተክል ታወራኛለች፤ ስለ ሥራው አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ያንኑ ባለ ጅራት ፕሮቲን ለሌላ ነገር እየሠራሁ ነበር። ሦስተኛውን እጣቢ እንዳወረድኩ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። ያው እዚህ አገር ሳይረን ሲጮህ የያዝከውን ጥለህ መውረድ ነው። ከጎማ ቀያሪዎቹ ጋር ሚክላት ውስጥ፣ ያ የምድር ቤት መጠለያ ውስጥ፣ ተፋፍገን ተቀመጥን። አንዱ ሲያቆም ሌላው ጮኸ፤ ሁለት ጊዜ ወጥተን ሁለት ጊዜ ተመለስን። በመጨረሻ ስወጣ ፕሮቲኑ ብዙ ቆይቷል። እንዳይሞትብኝ ብዬ ሰባቱን ትቼ በቀጥታ አወረድኩት። የቆሸሸ ነገር ለሰው እንደማቀርብ ሆኖ ተሰማኝ፤ አፈርኩ።

ጄሉ ቀለሙን ሲይዝ አየሁት። ከላይ አንድ። ከታች ሁለት።

አጎንብሼ አየሁ፤ መነጽሬን አውልቄ አየሁ። ፋይና ያየቻት መስመር ናት፤ እንደውም አልሳሳችም። ያን ጊዜም ክፉው ልቤ «ስላልታጠበ ነው፣ ቆሻሻ ነው» አለኝ። ስለዚህ በማግሥቱ ሁለት ቱቦ አዘጋጅቼ አንዱን ሦስት ጊዜ፣ ሌላውን አሥር ጊዜ አጠብኩ፤ አሥሩንም እጣቢ በየብልቃጡ አስቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ የታጠበው ላይ ሦስቱም መስመር አለ። አሥር ጊዜ የታጠበው ላይ ሁለት። ሦስተኛዋን የት አገኘኋት? ስድስተኛውና ሰባተኛው እጣቢ ውስጥ። በእነዚያ ሁሉ ወራት ወደ ማጠቢያው ገንዳ ስደፋት የኖርኩት እሷን ነበር።

ዑዚ ጄሉን ሲያይ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወለቀ። «ትርንጎ፣ አገኘሻት! ምን ለወጥሽ?»

«ትንሽ ቀነስ አድርጌ አጠብኩ» አልኩት።

አቀፈኝ። በስብሰባ ላይ «እነዚህ እጆች» እያለ አወራ። እኔ እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኋቸው። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቀኝም፤ ዝም ብል ስሜ በወርቅ ይጻፋል፤ ፋይና ደግሞ በረንዳዋ ላይ ተክል እያጠጣች ዓይኔ ዋሸኝ እንዳለች ትኖራለች። ዓርብ ጠዋት የጄሉን ፎቶ በቦርሳዬ ይዤ ናሕሊኤል ሄድኩ።

በሩን ከፈተች፤ ፊቴን አይታ ሳትስመኝ አስገባችኝ። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩላት። የማጉያ መነጽሯን አምጥታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ።»

«ስንት ጊዜ ታጥቦ?»

«ሦስት።»

ቀና አለች። «ድሮስ?»

ቦርሳዬን ወለል ላይ አኖርኩ።

«አሥር» አልኳት። «ሁልጊዜ አሥር። ሰባቱን አልጻፍኩትም። እጣቢውንም ደፋሁት። አሁን ሳስቀምጠው ስድስተኛውና ሰባተኛው ውስጥ አገኘኋት። ስትጠይቂኝ ደግሞ ዋሸሁሽ።»

መነጽሯን አጥፋ አስቀመጠች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ዓመት ዓይኔን አላመንኩትም» አለች። «መድኃኒቴን ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ። ጋዙን አጥፍቼ ተመልሼ አያለሁ። እርጅና ነው፣ አእምሮዬ እየሄደ ነው ብዬ ለልጄ ነግሬያታለሁ። እሷም እኔን የሚጠብቅ ሰው እየፈለገች ነው።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት እያለቀስኩ።

«አሁን አልችልም።» ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ተባርሬያለሁ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። «ምን ነበር?» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«ምኑ?»

«ያጠብሽው። ሦስተኛውን የያዘ ሌላ ነገር ባይኖር በስድስተኛው ውኃ ለምን ይለቃል? እስከ አምስተኛው ምን ያዘው? አንድ ነገር አጥበሻል፣ ትርንጎ። ለዑዚ እሱን ስናውቅ ትነግሪዋለሽ፤ አሁን ብትነግሪው ግማሽ ነው። እሁድ መቼ ትጀምሪያለሽ?»

«በጠዋት፣ እንደ ልማዳችን።»

እሁድ፣ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፣ ካፖርቷን ለብሳ መጣች። ዑዚ ደስ ብሏት የመጣች መስሎት ሊስማት ሞከረ። አምስት ሳምንት አብረን ሠራን፤ ከሥራው ቃል በቀር አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ጭረት ታደርጋለች። ሦስተኛው እጣቢ ሲወርድ እጄን ታየዋለች። እጄም ይቆማል፤ እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የተዘጋጀውን በጣም ትንሽ የመዳብ ወንፊት ላይ በቅጽበት አቀዘቀዙት፤ ወደ ትልቁ ማይክሮስኮፕ፣ ወደ ሌላ ከተማ፣ ተላከ። ማሽኑ ስፍር ቁጥር የሌለው ፎቶ ያነሳል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ፎቶዎቹን እያስማማ አንድ ቅርጽ ያወጣል። ወራት ፈጀ።

የመጣ ቀን ሁላችንም በዑዚ ስክሪን ዙሪያ ቆምን። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሃያ አምስት ዓመት ሰማያዊ መስመር ስታይ የኖረች ሴት ድንገት ሰውዬውን ራሱን አየችው። ቀጭኑና ሦስተኛው እንደተገመደ ፈትል አንዱ በሌላው ላይ ተጠምዝዘው ከስቡ ውስጥ ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ትልቁ ከላይ ጎንበስ ብሎ ጫፋቸውን ጨብጧል። ዑዚ አዞረው፤ ከጎን፣ ከላይ፣ ከሥር። ይህ ነገር ይህን ጨብጦ ቆሞ ኖሯል፤ እኔ ስወለድም፣ እናቴ ስትወለድም፣ ሰው የሚባል በምድር ላይ ሳይኖርም። በእያንዳንዳችን ሆድ ውስጥ ደግሞ አሁን አለ፣ ስፍር የለውም፤ ማንም አላየውም ነበር። አምላኬ ሆይ፣ ለዚህ ለማይታይ ነገር ይህን ሁሉ ተጨነቅህበት ወይ አልኩ።

ፋይና ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ሦስቱ እግራቸውን የተከሉበት ሥር፣ ክፍተቱ ውስጥ፣ ፕሮቲን ያልሆነ ሌላ ቅርጽ ነበር፤ ሁለት ረጃጅም ጭራ ያለው፣ በመሐላቸው ተሰክቶ ሦስተኛውን ደግፎ የያዘ። ከባክቴሪያዋ ሽፋን አብሮ የወጣ ስብ ነው። አንድ ፍሬ ስብ።

ጣቷን አደረገችበት። «ይሄ ነው ያጠብሽው» አለችኝ።

ዑዚ ወደ እሷ ዞረ፤ ቀጥሎ ወደ እኔ። «ምን ማለት ነው?» አለ።

ስቡን አየሁት፤ ቆሻሻ ብዬ ሳጥበው የኖርኩትን ነገር አየሁ። በዓለም ላይ እንደዚያ ያማረ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ፋይና አልተናገረችልኝም፤ ደብተሩን ከመደርደሪያ አወረደችና በባዶ ገጽ ላይ ከፍታ እርሳሷን ሰጠችኝ።

በሁሉም ፊት ጻፍኩ። በእነዚያ ስድስት ሥራዎች ሦስት ጊዜ አጠብኩ ብዬ ጭረት ያደረግሁት ውሸት ነው፤ አሥር ጊዜ ገደማ አጥቤያለሁ፤ ትርፉን እጣቢ ደፍቻለሁ፤ ፋይና ስትጠይቀኝ ዋሽቻለሁ፤ ሦስተኛው ፕሮቲን ነበረ፣ ፋይና ያየችው ትክክል ነበር። ስሜን ከሥሩ ጻፍኩና ደብተሩን ለዑዚ ሰጠሁት። አነበበው። ፊቱ ቀላ፤ ደብተሩን ለፋይና አሳለፈላት።

እሷ ቀስ ብላ፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ገደማ?» አለችኝ።

«አሥር» አልኳት።

«እኛ ቤት ገደማ አይጻፍም» አለችና ቃሉን በእርሳስ ሰረዘችው። ከዚያ በጎኑ ጭረት አደረገችበት፤ ከስሜም አጠገብ ስሟን ጻፈች።